ማውረድ

ግዲኒያ ወደብ ላይ፣ ከክሬኔ አናት፣
መቶ አርባ ሁለት ብረት ወጥቼ በማለዳ ሰዓት፣
ሃያ ሁለት ዓመት ኮንቴይነር አንስቻለሁ፤
ያነሳሁትን ሁሉ አውርጃለሁ
ብዬ አምን ነበር።

ኅዳር ላይ ግን፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣
ነፋሱ ከባሕር መጣ ያለ ሰላምታ፣ ያለ ምልክት፤
ሠላሳ ቶን ብረት እንደ ጉትቻ ተወዛወዘ፣
የሌሼክን ቆብ በስንዝር ስቶ ተጓዘ።
ሌሼክ ሲጋራ ለኮሰ፤ ሳቀ፤
«ሚስቴ ጡረታዬን ልትበላ ነበር» ብሎ ቀለደ፣ አለቀ።

ለእሱ አለቀ። ያ ሣጥን እኔ ዘንድ አልወረደም፤
ይወዛወዛል ሌሊት ሌሊት፤ አይወድቅም፣ አይሄድም።
ለባሌ ምን ልበለው? «ያልሆነ ነገር አስጨነቀኝ»?
«ያልሞተ ሰው አስለቀሰኝ»?

የደረሰብኝ የጥርስ ሐኪም ነው።
አፌን አይቶ ዝም አለና «ሌሊት ማንን ነው የምታኝኪው?
መንጋጋሽ ወፍጮ ሆኗል፤ ድንጋዩ አልቋል፣ እህሉ የለም፤
ይህን እኔ አልሞላውም፣ በሲሚንቶም በወርቅም።»
ከደረሰኙ ጀርባ ስልክ ቁጥር ጻፈ፤
ወረቀቱ ካፖርቴ ኪስ ሦስት ሳምንት አረፈ።

ደወልኩ። «የመንግሥት ክሊኒክ። ተራሽ ሰኔ ላይ ነው።»
ወሩ ታኅሣሥ ነው።
«እስከ ሰኔ ምን ላድርግ?» አልኳት። ደግ ልጅ ናት፣ ተከዘች፤
«የአበባ ሻይ ጠጪ፣ እመቤቴ» አለች።

የመጀመሪያው የግል ነው፤ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ያረባል፤
ሶፋው ሰው ይውጣል።
«ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ባሕር አለ ከፊትሽ፤
ሰማያዊ፣ ጸጥ ያለ፤ ማዕበሉ ይዳብስሽ።»
ባሕር! ቀን ሙሉ እሱኑ አይደል የማየው?
ነፋሱስ ከየት ሆነና የመጣው?
ከፍዬ ወጣሁ። ነገሩ የገባው አንዱ ዓሣ ነው መሰለኝ፤
አፉን ከፍቶ ከፍቶ ዘጋ፤ እንደኔ ቃል ቸግሮት፣ ሸኘኝ።

ሁለተኛዋ በስክሪን ናት፤ ፊቷ ደስ ይላል፣ ድምጿ ለስላሳ፤
«ሌሼክ» ብዬ ስጀምር ምስሏ ቆመ፣ እጇ እንደተነሣ።
ለቆመው ምስል ሁሉን ነገርኩት።
ስትመለስ «ይቅርታ፣ ምን አልሽኝ?» «ምንም» አልኩና ዘጋሁት።

የጭንቀት ሐኪም ፍለጋ እንዲህ ነው፤
ሩጥ የሚባለው እግሩ የተሰበረው ነው።

ልተወው ስል፣ መጋቢት ላይ፣ ከጫማ ሰፊው በላይ
ቴክላን አገኘሁ፤ ስድሳን ያለፈች፣ ሹራቧ የተጣፈ ክርኑ ላይ።
ክፍሉ ማስቲሽ ይሸታል፤ ማሞቂያው ያስላል፣ ያንኳኳል፤
ወንበሩ እንጨት ነው፣ ይጎረብጣል።
ባሕር አላለችኝም። ገና ስቀመጥ አየችኝ፤
«ክሬንሽ ስንት ቶን ያነሳል?» ስለ ብረት ጠየቀችኝ!

ነገርኳት። ስለ መንጠቆው፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ፍሬኑ፤
የነፋስ መለኪያው እንዴት እንደሚጮህ ሲያልፍ ከመጠኑ።
«ሲጮህስ?» «እናቆማለን።» «ክሬኑን ፈሪ ይሉታል?»
ሳቅኩ። «ክሬን እኮ ነው! ሕግ ነው! ማን ፈሪ ይለዋል?»
ዝም አለች።
ማሞቂያው አንኳኳ። ከታች መዶሻ ሦስቴ ጫማ መታ።
አለቀስኩ፤ ቆቤን ሳላወልቅ፣ እንደ ልጅ፣ ያለ አንዳች ይሉኝታ።

ዳንኩ አልልም። ረቡዕ ረቡዕ አሥር ተኩል እሄዳለሁ፤
ሁለቱን ቀርቻለሁ፤ አንዱን ተጣልቻት ወጥቻለሁ።
ማንሳትማ ማንም ያነሳል፤ ሞተሩ ነው የሚያነሳው፤
ሙያው ማውረዱ ላይ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ መሬት እስኪነካው።
ይህን ለሰልጣኝ ሁሉ አሥር ዓመት ሳወራ ኖሬ
በገንዘቤ ገዝቼ ሰማሁት ዛሬ።

ትናንት ከመሰላሉ ግርጌ ሌሼክ ጠበቀኝ፤
ሲጋራው ሳይለኮስ በጣቱ፤ ዓይኑ ግን አላየኝ።
«የዚያችን ሴትዮ፣ ከጫማ ሰፊው በላይ... ስልኳን» አለና አቀረቀረ፤
«ለወንድሜ ነው» ሲል ጨመረ።
ደረሰኝ አወጣሁ ከኪሴ፣ ከጀርባው ጻፍኩለት፣
ቁጥሩን አጉልቼ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ሁለት ቦታ አጥፌለት።

ሌሼክ ወንድም የለውም።